ደኅና ነኝ ያለው ችፌ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? የግዊሊም ፕሮሰር ዕድሜ ቢጨመቅ የሚወጣው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ መንዳትና አርባ ዓመት ማከክ ነው። በዚያ የዌልስ ሸለቆ ችፌውን የማያውቅ አልነበረም። በጸሎት ቤት መዘምራን መካከል ቆሞ ጀርባውን ሲያክ፣ ከኋላው ያሉት ምቱን የሚጠብቁት በእሱ ክርን ነበር ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ለችፌ አዲስ ክኒን ተፈቀደና የመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ያድል ጀመር። ግን መስፈሪያ አለው። ነርሷ ትጠይቃለች፣ በሽተኛው በመልሱ የሥቃዩን ያህል ነጥብ ያገኛል፤ አሥር ያልሞላለት የድሮ ቅባቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ግዊሊም ሲገባ ነርስ ኔስታ እንዴት ነዎት አለችው። ደኅና ነኝ አላት። በዚያ አገር ይህ ለሰላምታ ኮፍያ እንደ ማንሳት ያለ ነገር ነው፤ ሆኖም አንዴ ደኅና ነኝ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ በምን አፉ ያማርራል? እንቅልፍስ ስትለው አይከፋም፣ ማሳከኩስ ስትለው የባሰ አለ እያለ፣ እያከከ ሦስት ነጥብ ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ሜና ይህን ስትሰማ ሻይዋን አስቀመጠች።

«በየጠዋቱ የማጥበው ደም የነካው አንሶላ የጎረቤት ነው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማረር ታስተምረው ጀመር። እሷ ነርስ ትሆናለች፣ እሱ ያቃስታል። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ ድመታችሁ ታማለች ወይ ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ተካነበት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ኔስታ እያነከሰች መጣች። እንዴት ነዎት ስትለው ምላሱ ቀደመውና «ደኅና፣ አንቺስ?» አላት። ወገቧን እንዳመማት ነገረችው። ሰው ወገቡን ታሞ እየሠራ ስለ ቆዳ ማውራት አሳፈረው። አምስት ነጥብ።

«በሁለት አድገሃል» አለች ሜና። «በዚህ አያያዝህ ክኒኑን የሚውጠው አስከሬንህ ነው።»

ሰው እውነቱን የሚናገረው ለማን ነው? ለሐኪሙ ካልሆነ ለማን? ግዊሊም ይህን ብዙ አሰበበትና ከሦስተኛው ቀጠሮ በፊት ወደ ኔስታ ሄደ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። በሚቀጥለው ስመጣ ደኅንነቴን አትጠይቂኝ። በቀጥታ ወደ ማሳከኩ ግቢ።»

ኔስታ ሳቀችና በመዝገቡ ላይ በቀይ ጻፈችው። ቀኑ ደርሶ በሩን ከፈተች፤ ቀዩን ጽሑፍ አነበበች፤ ከንፈሯን ገጠመች። ግዊሊም አንገቱ ተልጦ፣ ዝናብ እያንጠባጠበ ቆሟል።

«ውይ፣ በስብሰዋል!» አለች። «እንዴት ነዎት፣ አቶ ፕሮሰር?»