ሁለት ዲያቆን የጎደለበት ደሴት

ከወገዳ የሚነሳው አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅም። ክረምቱ መንገዱን አበላሽቶት ስለነበር ሹፌሩ ጎህ ሳይቀድ እንደሚወጣ ቀድሞ ነግሮናል። እናቴ ስታለቅስ አደረች ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያደረችው በሶ ስታሽግ ነው። «እዚያ ምን እንደሚበሉ ማን ያውቃል?» ትላለች፣ ታስራለች፣ እንደገና ትፈታለች። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ ጭቃውን እየረገጠ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ ብቻ በመስኮት በኩል፣ «ደረስኩ በለን፤ ሌላ አልጠይቅህም» አለኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጋይንት ቤተ ልሔም ስድስት ዓመት ድጓ ስማር ቆይቼ፣ በካሪቢያን ደሴቶች ላሉ ምእመናን እንግሊዝኛ የሚሞክር ዲያቆን ይፈለጋል ተባለና ስሜ ተላለፈ። ፈራሁ። ወደ መምህሬ ሄጄ፣ «የኔታ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ድጓውን ዘልቀሃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ለማን ልታስቀምጠው ነው?»

በቃ። ከዚህ ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

ካሪቢያን ስል አሜሪካ የሄድኩ የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም። ባሕር ላይ እንደ ጥራጥሬ የተበተኑ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ሕዝቡ ቅድመ አያቶቹ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሕዝብ ነው፤ የእኛን እምነት ወደው የተጠመቁ አሉ፣ እኔም የተላክሁት ለእነሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፓስፖርቴን አገላብጦ ሥራዬን ጠየቀኝ። «ሚሽነሪ ነኝ» አልኩት።

«ሚሽነሪ? ከአፍሪካ ወደዚህ?» ባልደረባውን ጠራት። «ነይ ስሚ፤ አሁን ደግሞ እነሱ ሊያስተምሩን መጥተዋል!» ከዚያ መቋሚያዬን አየው። «ይሄስ? መሣሪያ ነው?»

«መደገፊያ ነው።»

«እግርህን ያምሃል?»

«አያመኝም። ጸሎታችን ረጅም ስለሆነ ነው።»

«ስንት ሰዓት ቢሆን ነው?»

«እንደ በዓሉ ነው። አንዳንዴ ማታ ጀምረን በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንጨርሳለን።»

ሰውዬው መቋሚያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ውሰደው፣ ያስፈልግሃል» ብሎ ማኅተሙን መታ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ መዞር ሆነ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አምስት ቤት ቀየርኩ። መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለ የመኪና ጋራዥ፣ ቀጥሎ ሮቲ ከሚጋገርበት ቤት በላይ ያለ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ደሴት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አገልጋይ ጥቂት ስለሆነ አንዱ ጋ ሲጎድል ከሌላው ይነሳል። ሮቲ ስስ ቂጣ ነው፣ ከክክ ጋር ይበሉታል። መጀመሪያ ቀን ስጎርሰው መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቴ ቤት ገበታ የቀረብኩ መስሎኝ እንባዬ መጣ፣ ሻጯ በርበሬው በዝቶበት ነው ብላ ውኃ አመጣችልኝ። ሙቀቱን ግን አታንሱብኝ። ጋይንት ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ የኖርኩ ልጅ፣ እዚህ ዝናቡ ራሱ ሞቆ ይወርድብኛል። ደግሞ እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ነጭ ሽበት ያበቀሉ ሰው ከሕፃን ጋር በአንድ ቃል ሲጠሩ ጆሮዬ አልቀበል አለ፣ እኔ ግን በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ሰር» እየጨመርኩ ተወጣሁት። ደስ ያለኝ ነገርም አለ፤ ሚኒባስ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ለማያውቃቸው ተሳፋሪዎች እንደምን አደራችሁ ይላል፣ ሁሉም ይመልስለታል። ያን ሲያደርጉ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል።

የቆሎ ተማሪ መዞር ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን አምስተኛውን ቤት ስለቅቅ ደከመኝ። የሰው ስም ለምጄ ሳልጨርስ እነሳለሁ። የደሴቶቹን አገልጋዮች የሚመድቡትን አለቃችንን፣ «ከዚህ በኋላ ወደ አገሬ ይመልሱኝ» አልኳቸው። «አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶናል፤ እሱን አይተህ ወስን» አሉኝና ፌሪ በሚሉት የመንገደኛ ጀልባ አሻግረው ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ላኩኝ።

እዚያ የተቀበሉኝ ቀሲስ ገብረ መስቀል ናቸው። የደሴቲቱ ተወላጅ፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ድሮ አናጺ የነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ እያንዳንዱን ሳንቃ እየዳበሱ አሳዩኝ። ከዚያ፣ «ቅዳሴ ከተቀደሰባት አራት ዓመት ሆናት» አሉኝ።

እንደምታውቁት ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። ሁለተኛው ቄስ ከትልቋ ደሴት በፌሪ መምጣት ይችላሉ። የቀድሞዎቹ ዲያቆናት ግን ሥራ ፍለጋ ተበትነዋል። እኔ አንድ ሆንኩ፤ ሁለት ጎደለ።

«ከመሞቴ በፊት በሠራኋት ቤት ዳግመኛ አንድ ጊዜ ብቀድስ ሌላ አልለምንም» አሉኝ ቀሲስ። ልመለስ ነው ያልኩትን ዋጥኩት።

ለዲቁና የሚሆኑ ሁለት ያላገቡ ወጣቶች ተገኙ። አንዱ ዳቦ ቤት የሚሠራ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ዝምተኛ ነው። ሁለተኛው ዓሣ አጥማጁ ማርቪን ነው፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል። ማርቪን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ አለው፣ «ቀ» ግን አልወጣ አለችው። «ቅዱስ» በል ስለው «ኪዱስ» ይላል። ጀልባ ላይ ሆኖ ሲለማመድ ጓደኞቹ ማዕበል መጣ ብሎ የሚጮህ መስሏቸው መረባቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ቀዘፉ። ስምንት ወር ሙሉ ሲመሽ ከሥራ ወጥተው ይመጣሉ፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ዓሣ እየሸተተ። እኔም እንደ የኔታ ቆጣ እላለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ።

የተከራየሁት የማርቪን አክስት ሚስ ኤልማ ቤት ነበር። እሷ የሌላ ቤተ እምነት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት በሬን አንኳኩታ፣ «ኪራዩ መዝሙርን አይጨምርም» አለችኝ፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ስለማዜም ነው። ምግብ ላይ ደግሞ ጨርሶ አልተግባባንም።

«ዛሬስ ትበላለህ?»

«ጾም ነው፣ ሚስ ኤልማ።»

«ባለፈው ወርም ጾም ነበር።»

«እሱ ሌላ ጾም ነው።»

«ለመሆኑ እናንተ አገር ምግብ የሚበላበት ወር አለ?»

አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ሳላዜም ቀረሁ። በአራተኛው ቀን በሩን ከፍታ ገባች። «ለምን ዝም አልክ? እኔ እኮ ከእንቅልፌ የምነሳው በአንተ ነው!» የጾም መሆኑን ሦስት ጊዜ የማለችልኝን የክክ ሾርባ አስቀምጣልኝ ወጣች።

ጳጳሱ ትልቋ ደሴት ሲመጡ ሁለቱን ልጆች ይዤ ተሻገርኩ። ባሕሩ ተናወጠና እኔ ሳስታውክ ማርቪን ጀርባዬን ይዞልኝ ነበር፤ መምህሩ እንዲህ ሆኖ፣ ተማሪው እየሳቀ። ተፈትነው አለፉ። ዲቁና ተቀብለው ሲወጡ ተክለ ሃይማኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገረ። «እናቴ ብታየኝ ኖሮ» አለ።

በቀጣዩ እሑድ ሁለተኛው ቄስ በፌሪ ተሻግረው መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ሞላች። ቀሲስ ገብረ መስቀል ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ወጡ። ማርቪን ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። አራት ዓመት ያልመለሰ ሕዝብ መልሱ ጠፍቶበታል። ከዚያ ከኋላ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በቀጭን ድምፅ ብቻቸውን መለሱ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ሳንቃው እስኪርገበገብ ድረስ። ቀሲስ እያለቀሱ ቀደሱ። ሚስ ኤልማ በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ቆየች። ስንወጣ፣ «በጣም ረጅም ነው» አለች፤ «ግን የወንድሜ ልጅ ያምርበታል።» እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን ሳላይ ተመልሼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ዛሬም እደነግጣለሁ።

ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። ወደ ሌላ ደሴት ተዛውሬያለሁ።

አገር ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ በዚያው ሳምንት ዓርብ ስደውል ግን ተነሳ። እናቴ ናት። «ድምፅህ ቀጥኗል፤ አትበላም እንዴ?» አለችኝ። ሚስ ኤልማ ከማን ጋር እንደማወራ ስታውቅ ስልኩን ተቀበለችኝ። በእንግሊዝኛ፣ «ልጅሽ አይበላም!» ትላለች፤ እናቴ በአማርኛ፣ «ልጄን አደራ» ትላለች፤ ሁለቱም ደጋግመው፣ አንዳቸውም ሳይሰሙ። ስልኩ ሲመለስልኝ እናቴ ረክታለች።

«ደግ ሴት ናት። እሷ ዘንድ እስካለህ አልሰጋም።»

«እማ፣ ሰኞ ከዚህ እሄዳለሁ።»

የተቋረጠ መሰለኝ። «እማ?»

«አለሁ። አሁን ደግሞ ወዴት ነው?»

የደሴቲቱን ስም ነገርኳት። ለመድገም ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ቀስ በል» አለችኝ። ቀስ ብዬ ከፋፍዬ ነገርኳት፤ እየተከተለች ደገመችው፣ አሁንም ተሳሳተች፣ አሁንም ደገመችው። በስተመጨረሻ አንድም ሳታጓድል ጠራችው።

«ያዝኩት» አለች። «ስጸልይልህ ቦታውን እንዳልስት ነው።»

መቼ ትመጣለህ ብላ ሳትጠይቀኝ መስመሩ ተቋረጠ።