የማማ ጋልማ ጀግና

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ካርቶን ማለት ጠላት ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይሰለቸኛል፤ ካላስረዳሁ ግን የማማ ጋልማ ነገር አይገባም። ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ከካርቶኑ ይወጣል። ካርቶን ውስጥ ያለ ዕቃ አዲስ ነው፤ ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ ካልተከፈለ ይወረሳል። ካርቶኑን አውልቀው፣ አቧራ ቀባ ቀባ አድርገው በዘንቢል ሲይዙት ግን የቤት ዕቃ ይሆናል። ባዶው ካርቶን ደግሞ እንዳያሳጣ ይቃጠላል። እኔ፣ ዓምበሮ፣ ቴርሞስ እየሸጥኩ የኖርኩት እንዲህ ነው፤ አጠገቤ ሸራ ዘርግታ መጫወቻ የምትሸጠው ኮኪም እንዲሁ።

ኮኪ ብሎ የሚጠራት የለም። በልጇ ስም ማማ ጋልማ ነው የምትባለው። ባሏ ሶሎሎ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀርቷል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግልግል ነው፣ ለእሷ ግን አልነበረም። ከናይሮቢ በጆንያ የሚመጣ አሮጌ መጫወቻ ትገዛለች፤ ዓይናቸው የጠፋ አሻንጉሊቶች፣ ጎማ የሌላቸው መኪናዎች። በኦሞ ታጥባቸዋለች፣ ፀጉራቸውን ትሰፋለች፣ ልብስ ታለብሳቸዋለች። በዚያ ነው ጋልማን ያሳደገችው። እሱም ጎረመሰና ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከሹፌሮች ጋር ወረደ። መንገድ ላይ የድንበር ፖሊሶች ይዘው አሰሩት። መቀጫውና የመመለሻው ካልተከፈለ አይለቁትም። ባዘነለት አንድ ጠባቂ ስልክ አልፎ አልፎ ይደውላል። ከድምፁ ሳሉ ይበዛል። ከእሱ ጋር የታሰሩ ሁለት የአገሩ ልጆች እዚያው ሞተዋል፤ ማማ ጋልማ ያንን ከሰማች ወዲህ ሥጋዋ አልቆ ነበር።

አንድ ቀን ከጆንያው ውስጥ ከነካርቶኑ የታሸገ አሻንጉሊት ወጣ። ቀንድ ያለው የራስ ቁር የደፋ፣ ክንዱ ላይ ሰንሰለት የጠመጠመ ጎረምሳ ነው። ልጆች በካርቶኑ ፊት ባለው ላስቲክ ውስጥ ያዩታል፣ መንካት ስለማይችሉ ጥለውት ይሄዳሉ። እሷም ዳር ላይ አስቀመጠችው።

ያየው ሰሊም ነው፤ ሞባይል ለመግዛት የሚመላለስ የአዲስ አበባ ነጋዴ። አንስቶ ፀሐይ ላይ ወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፊት አየው፣ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፣ ጣቱንና የአንገቱን መጋጠሚያ ሳይቀር መረመረ።

«ማማ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከጆንያው ነው የወጣው። ሺዳ አለበት እንዴ?»

«ምንም ችግር የለበትም። የአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ጀግና ነው። ጥቂት ሠርተው ያቆሙት ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ የሚሰበስብ ፈረንጅ ደንበኛ አለኝ።»

«ለልጁ ነው?»

«ልጅ የለውም። መደርደሪያ ላይ ይደረድራቸዋል።»

እኔ ሳቄ መጣ። ዋጋውን ሲነግራት ግን ሳቄን ዋጥኩት፤ እሷም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጋልማን አስፈትቶ ቤቱ የሚያደርስ ዋጋ ነበር።

«እኔን ኬላው ላይ እስከ ካልሲዬ ነው የሚፈትሹኝ» አላት። «እናንተ ታውቁበታላችሁ። ነገ ጠዋት ማዶ ሆቴሌ ድረስ አምጪልኝ፣ ገንዘቡን እዚያው እሰጥሻለሁ። አደራ፣ ጭረት እንዳይነካው። ጭረት ያለበትን ሰውየው ዞር ብሎ አያየውም።»

«ሃኩና ሺዳ፣ ልጄ» አለችው።

አመሻሹ ላይ እጇን ታጥባ፣ ካርቶኑን በምላጭ ቀድዳ ጀግናውን እንደ አራስ ልጅ አወጣችው። አቧራ እንቀባው ስላት ተቆጣችኝ። «ጭረት አይነካው አላለም?» አለችና ለበዓል በምታስረው ሻሽ ጠቀለለችው። ያን ጊዜ በብልጠቷ ኮራሁ። ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ጨመርነው፤ በእሱ እሳት ሻይ አፍልተን ጠጣን። ከዚያ ጠባቂው ዘንድ ደውላ ጋልማን አስጠራችው። «በቃ ልጄ፣ ልትወጣ ነው» አለችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ጠዋት አብረን ተሻገርን። ፈታሹ ዘንቢሏን ገልጦ ሻሹን ዳሰሰና «እለፊ» አላት። ሰሊም ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ ይበላል። ጠረጴዛው ላይ ፈታችለት። ጀግናውን አየ፣ ከዚያ ዘንቢሉን አየ።

«ካርቶኑስ?»

«የምን ካርቶን?»

«የነበረበት።»

«አቃጠልነው» አልኩ እኔ።

መነጽሩን አወለቀ። «ማማ፣ ሰውየው የሚገዛው እኮ ያልተከፈተ ስለሆነ ነው» አላት። «ከተከፈተማ የልጅ መጫወቻ ነው።»

«ጭረት የለበትም። እየው።»

«አይቻለሁ።»

«እሺ ሌላ ካርቶን ባመጣለትስ? እኛ ጋ ካርቶን ሞልቷል።»

ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የምረግመው አገኝ ነበር። ሰሊም ሻይ አዘዘልን፣ የመመለሻ ልስጥሽ አላት፣ አልተቀበለችም። ጀግናውን መልሳ ሻሹ ውስጥ ጠቀለለችውና ተነሣች። በኬላው ስንመለስ ማንም አልፈተሸንም።

እውነቱን ለልጇ እንድትነግረው ለመንኳት። «ሲደውል እነግረዋለሁ» አለች። እሁድ ደወለ። እኔ ሸራው ላይ አጠገቧ ነበርኩ፤ በዚያ በተሰነጠቀ ስልክ ድምፁ ይሰማኛል። እየሳለ ነው የሚያወራው።

«እማ፣ ገንዘቡን ላክሽው?»

እሱ በደስታው ብዛት መልሷን አልጠበቀም።

«እዚህ ማታ ማታ በጣም ይበርዳል። ብርድ ልብሴን ለአንዱ ልጅ ሰጠሁት። እኔ ወጪ ነኝ ብዬ።»

ማማ ጋልማ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አለችው።