ፒካፑ ያልቻለው ቤት

ሥራዬ ጭነት ማስላት ነው። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ስንት ሰው፣ ስንት ሻንጣ፣ ስንት ነዳጅ እንደተጫነ እደምራለሁ። ክብደቱ ወደ ፊት አመዝኗል ወይስ ወደ ኋላ ብዬ አያለሁ። እኔ ካልፈረምኩ አውሮፕላኑ አይነሳም። ይህን የምናገረው ልመካ ፈልጌ አይደለም። ከጣኢፍ ወደ መካ በሚያወርደው በሀዳ ቁልቁለት ላይ የደረሰብን ነገር ካለማወቅ የመጣ እንዳልነበረ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጃሚዓ ሰፈር ጎረቤታችን የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ፒካፕ ላይ የሚጫን ትንሽ ቤት ሸጠልኝ። የሚጎተት አይደለም፣ የራሱ ጎማ የለውም። ከፒካፑ ኋላ፣ ዕቃ በሚጫንበት ላይ ቁጭ ይልና በአራት ማዕዘን ይታሰራል። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ በኋላ የተገጠመ ኤሲ ነበረው። ክብደቱን ስጠይቀው የፋብሪካውን ወረቀት አሳየኝ፤ ስድስት መቶ ሃያ ኪሎ ይላል። የእኔ ፒካፕ ደግሞ ባለ ሁለት ጋቢና ሲሆን፣ መኪናውን የሸጠልኝም የሚጠግንልኝም “አንድ ቶን ይችላል” ይሉኝ ነበር። በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን፣ የክብደት ልኩ የተጻፈባትን ምልክት ፀሐይ በልቷታል። ዐይኔን አጥብቤ ላነባት ሞከርኩና ተውኳት።

የዒድ ዕረፍት ሲመጣ ሚስቴንና የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ይዤ ወደ መካ ሄድኩ። እዚያ ጀርወል ሰፈር የሚኖሩትን የሚስቴን አክስት ጨመርን። አክስቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡና ሲተኩሱ የኖሩ የወሎ ሴት ናቸው። የጣኢፍን ብርድ ሰዎች ሲያወሩ ከመስማት በቀር አንድ ቀን አላዩትም። ታንከሩን ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን። ሞተሩ ሲያቃስት ሙቀቱ ነው አልኩ። መሪው እጄ ላይ ሲቀልለኝም ዝም አልኩ።

ላይ ሁለት ቀን በደስታ አሳለፍን። ከመመለሳችን በፊት ታንከሩን እንደገና ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቁልቁለቱን ያዝን።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከሌላ መኪና ነው ብዬ አሰብኩ። አምስተኛው ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ወረደ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር የፊት ጎማዎቹ እንደ ዘገየ ሰው ትንሽ ቆይተው ታዘዙ፤ ቤቱ ከኋላ ወደ ገደሉ ሲያጋድል በወንበሬ በኩል ተሰማኝ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። ልጄ በመስኮት ዝንጀሮዎቹን እያሳየች ትስቅ ነበር፤ የሚስቴ አክስት ግን ገብቷቸዋል። ከኋላዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ ይሰማኛል። ሚስቴ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምቃ እግሬን እግሬን ታያለች።

ፔዳሉን ደጋግሜ ብረግጠውም የሚይዘው እያነሰ ሄደ። በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ጥግ ሳይ ወደዚያ ጠመዘዝኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ጎማውን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አስተሻሽቼ ቆምን። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ከመሪው ላይ እጄን ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

አንድ የጣኢፍ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር በመኪና ሲያልፉ አይተውን ቆሙ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ተቀልብሶ ወደ ታች ጎብጧል።

“ስንት ነው የሚችለው?” አሉኝ በዐረብኛ።

“አንድ ቶን ይላሉ።”

“ይላሉ?” አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

ሚስቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። “ሥራህ እኮ ነው” አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው “የታንከሩን ውሃ አፍስሰው” አሉኝ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አስፋልቱ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ሚስቴን፣ ልጄንና አክስቷን ሽማግሌው በመኪናቸው እስከ ታች ሜዳው ድረስ ወሰዱልኝ። አክስቷ ከመግባታቸው በፊት ትከሻዬን ይዘው “ልጄ፣ ቀስ በል። አላህ ካንተ ጋር ነው” አሉኝ። መኪናቸው ጥምዙን ዞሮ ሲጠፋ፣ ምናልባት መጨረሻ ያየኋቸው ይህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የቀረውን ብቻዬን በአንደኛ ማርሽ ወረድኩት። ቀበቶዬን ልሰረው ወይስ ለመዝለል ልፍታው የሚለውን እንኳ መወሰን አቅቶኝ ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ አሰርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። ሜዳው ላይ ስደርስ ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ቤተሰቤ እጃቸውን እያውለበለቡ ወደ እኔ ሲመጡ ሞተሩን አጥፍቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

በማግስቱ ጠጠር የሚሸጥበት ግቢ ሄጄ መኪናውን ከነቤቱ ትልቁ ሚዛን ላይ አቆምኩት። ከመሄዴ በፊት የምልክቷን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አጉልቼ አነበብኳት። መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሚዛኑ ያለ ውሃና ያለ ቤተሰቤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አለ። ውሃውንና እነሱን ስደምርበት ትርፉ አራት መቶ ኪሎ ሆነ። አንድ ቶን የሚችለው ባለ አንድ ጋቢናው ነው፤ የእኔን ተጨማሪው ጋቢና ራሱ ከአቅሙ ላይ ይቀንስበታል። የፋብሪካው ወረቀትም የባዶ ቤት ነው፤ ኤሲውን፣ ባትሪውን፣ ጋዙን፣ መሐንዲሱ የጨማመረውን መደርደሪያ አያውቅም። የባሰው ደግሞ ሸክሙ አብዛኛው ከኋላ ጎማዎች አልፎ መቀመጡ ነበር፤ የፊቱን ያቀለለው እሱ ነው። ለአውሮፕላን ቢሆን በአምስት ደቂቃ አየው ነበር።

ቤቱን ትልቅ ፒካፕ ላለው ሰው ሸጥኩት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ከመግዛቱ በፊትም ሚዛን ላይ አስወጣሁት። ለእኛ ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ ግማሹን የማይመዝን ገዛሁ። ሚስቴ “ቁጥሩን ራሴ ካላነበብኩ አልሄድም” ስላለች፣ ሁላችንም ተሳፍረን፣ አክስቷም ጭምር፣ ተመዘንን። ከተፈቀደው ልክ በታች መቶ ሠላሳ ኪሎ ተረፈን።

በሚቀጥለው ዒድ ያንኑ ቁልቁለት ወረድን። ፍሬኑ ጠንካራ ነበር፤ መሪውም ወዲያው ይታዘዛል። ሚስቴና አክስቷ ሲጫወቱ እሰማለሁ። እኔ ግን በየጥምዙ አፍንጫዬን ከፍቼ የሚቃጠል ነገር እፈልግ ነበር።