ለማህሌት እናት የተናገርኩት

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ሊወርድ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ከደብረ ብርሃን ተቀይሬ ወረታ ሕፃናት በማስተምርበት ጊዜ ነው። እስካሁን ከኅሊናዬ ያልወጣው ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው።

ተማሪዬ ማህሌት አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅና ባለቤቷ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጥተው፣ ጠበሉም አልሆን ሲላቸው፣ አዲስ አበባ ተመላልሰው በሕክምና ነው ያገኟት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ማህሌት ስሟን ስጠራት አትዞርም። ቃል ከአፏ አይወጣም። ስስቅላት ግን ትስቃለች።

አንድ ቀን እናቷ ልትወስዳት መጣች። ለሁለተኛ ልጅ አዲስ አበባ ቀጠሮ እንደያዘች በደስታ ከነገረችኝ በኋላ፣ "መምህርት፣ ልጄስ እንዴት ናት?" አለችኝ።

እኔም ያወቅሁ መስሎኝ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ አይቀየሙኝና፣ በሕክምና የተፀነሱ ልጆች አእምሯቸው ይዘገያል ሲባል ሰምቻለሁ። ሌላ ከመጨመርዎ በፊት ቢያስቡበት" አልኳት። የሰማሁት ከሰው ወሬ ነው። አንብቤም ሐኪም ጠይቄም አላውቅም።

ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇን አቅፋ ሄደች። ከማግስቱ ጀምሮ ማህሌት ቀረች። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ፣ "አሟታል" ተብዬ ተመለስኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሙሲት ከተማ ላይ መኪና ስጠብቅ አገኘኋቸው። ማህሌት አድጋለች፤ ጆሮዋ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ተደርጎላታል።

"አእምሮዋ ደህና ነው" አለችኝ እናቷ። "ጆሮዋ ነው የማይሰማው። ሐኪሙ ከአፀናነሷ ጋር አይገናኝም አለኝ። ምነው ቀደም ብለሽ ባመጣሻት ብሎም ተቆጣኝ። እኔ እኮ ሰው እንዳያያት ቤት ዘግቼባት ከረምሁ።"

"ሁለተኛውስ?" አልኳት። ምነው ባልጠየቅኩ!

"አንች ያን ካልሽኝ በኋላ ፈራሁና ቀጠሮውን ተውሁት። አሁን ብሄድ ዕድሜሽ አልፏል አሉኝ።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። "በክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ" አለችኝ።

ማህሌት የእናቷን ነጠላ እየጎተተች፣ "እማ፣ ነይ" አለች። ከአፏ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

እሷ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ስመዘግብ፣ ከወረፋው አንድ ልጅ የጎደለ ይመስለኛል።