በቦልቴ ትንፋሽ መካከል

ዘሩባቤል ለቦልቴ ቃል የገባለት ሬሳው ጉድጓድ ከወረደ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ሦስት ጊዜ እየመጣ ሲለምነው እምቢ ያለውን ሰው፣ አፈር ሲመለስበት አጎንብሶ «እሞላልሃለሁ» አለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላይታ ውስጥ ቦምቤ ከተማ አጠገብ ያለው መንደራቸው ድሮ ስድስት ዲንኬ ነፊዎች ነበሩት። ዲንኬ ከቀርከሃ ተቀጣጥሎ ጫፉ ላይ ቀንድ የሚገባለት ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ይነፋ ነበር። አንዱ ዲንኬ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ብትለምነውም ሌላ አይወጣውም። ስድስቱ ሰዎች ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ አንዴ እፍ ሲል ነው ዜማ የሚሆነው።

ጀማሪው ቦልቴ ነበር። የቀሩት የሚገቡት የእሱን ድምፅ ሰምተው፣ እሱ የሚተወውን ዝምታ ለክተው ነው። ዝምታው ደግሞ እኩል አይደለም፤ አንዱ አምስቱን ሰው ያስተናግዳል፣ ሌላው ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። ልኩ በቦልቴ ደረት ውስጥ እንጂ የትም አልተጻፈም። ከስድስቱ አንዱ የነበረው ዘሩባቤል በበኩሉ ዲንኬ የሚሠራ ሰው ልጅ ስለነበር፣ የአምስቱን ድምፅ ከነቅደም ተከተሉ በአፉ ያውቀዋል። ሁለቱ ሰዎች ሲገናኙ ዜማው ሙሉ ነው። አንዱ ከጎደለ ግን የለም።

የጎደለው ዘሩባቤል ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ጌታን ተቀበለ፤ ቆይቶም የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆነ። «ይሄ የአሮጌው ሕይወት ነው» አለና ዲንኬውን በደረቅ ኮባ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሰቀለው። በአምስት ሰው የሚሄድ ዜማ ስላልሆነ ከቦልቴ በቀር ሌሎቹም ተራ በተራ ሰቀሉ፤ ከዚያም ተራ በተራ ሞቱ። የመጨረሻው ለማ ነበር።

ለማ ከተቀበረ በኋላ፣ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሊደርስ ሲል፣ ቦልቴ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ሳለ።

«እንግዲህ ሁለታችን ነን የቀረነው» አለው። «አንተ የአምስቱን ታውቃለህ፣ እኔ የራሴን። አብረን እናስቀርጸውና የሚማር ካለ ይማረው።»

«ወንድሜ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይልህም። ምን እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርማ።»

«አልችልም ቦልቴ። አትፍረድብኝ።»

ቦልቴ አልፈረደበትም። ዲንኬውን ትከሻው ላይ ጥሎ ብቻውን ሶዶ ወረደ፤ ሚልክያስ የሚባል ወጣት መዝሙር የሚቀርጽባት ጠባብ ክፍል ገብቶ ነፋ። ማታ ሲመለስ ለሚስቱ ለንግሥቲ «ክፍተቱን ሁሉ በልኩ ትቼለታለሁ፤ ልቡ ሲመለስ ይሙላው» አላት። ሁለት ወር ሳይሞላው ሳምባው ጣለው። ካህናቱ ፈቱት፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ዲንኬ ግን አልተነፋም። ያን «ይሙላው» ያለውን ቃሉን ንግሥቲ ለዘሩባቤል የነገረችው እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ነው። ዘሩባቤል ያን ጊዜ ነው ያጎነበሰው።

በማግስቱ ዲንኬውን ከቆጥ ቢያወርደው ነቀዝ ጨርሶታል። ግድ የለም፣ አፉ አለ። ሰው እንዳያማው ብሎ አስቀድሞ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደና ለባልንጀራው ለሽማግሌ ባሮክ ሁሉን ነገረው። ተግሣጽ ነበር የጠበቀው።

«የሟች ወዳጅህን አደራ ልትወጣ ነው፤ ምን ክፋት አለው?» አለ ባሮክ። «ለመሆኑ መች ከልክለንህ እናውቃለን?»

ከልክለውት ቢሆን ይሻለው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ባይኑ አልዞረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይዘው ታስሮ ኖሯል፣ ጓደኞቹም እሱ እስኪፈታ እየጠበቁ አልቀዋል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አለ።

ሲነጋ በአረካ አድርጎ ሶዶ ገባ። ሚልክያስ የቦልቴን መሞትና የመጣበትን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው፤ የተባረከ ልጅ ነው።

«የሳቸው ጓደኛ ነዎት አባባ? ነፍሳቸውን ይማር። ይቀመጡ፣ አሁኑኑ አሰማዎታለሁ።»

ዘሩባቤል ዐይኑን ጨፈነ። የቦልቴ ድምፅ መጣ፤ ራሱ ነው፣ ያው ሻካራው። ሊገባ አፉን ከፈተ። ከመግባቱ በፊት ሁለተኛው የቦልቴ ድምፅ መጣ። ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እየተከታተለ፤ ጥሩምባው እንደተጣበቀበት ሚኒባስ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አለቀ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የሳቸው ነው አባባ። ትንሽ አጽድቼዋለሁ። ያው ዕድሜ ነው፣ እየነፉ በየመሃሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ዝም ይሉ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። ሰው እንዳይታዘባቸው ብዬ ባዶ ባዶውን ቆርጬ አወጣሁት።»

«የተቆረጠውስ የት አለ?»

«ባዶ እኮ ነው። ዋናውም ቦታ ስለያዘብኝ አጠፋሁት።» ልጁ የሽማግሌውን ፊት አየና ድምፁ ወረደ። «አጠፋሁ እንዴ አባባ?»

ዘሩባቤል በማን ይቆጣ? ልጁ ባዶ ሆኖ ያገኘውን ነው የጣለው። ባዶ ያደረገው ማን ሆነና!

«ድገመው» አለ። ደገመለት። አሁንም አፉን ከፈተ፣ አሁንም ቦልቴ ቀደመው። አምስት ጊዜ አስደገመው። በመጨረሻ የለማን ድምፅ በግድ ሊያስገባ ሞከረና፣ የቦልቴ ጩኸት ላይ ወደቀበት። መዘመር ትቶ አለቀሰ፤ ሚልክያስም ማሽኑን ዘጋው።

በአርባው ዕለት ተዝካሩን የበላው ሰው ከተበተነ በኋላ ንግሥቲ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ሞላህለት?» አለችው።

«አልሞላሁለትም። መግቢያ የለውም።»

«ትቼለታለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ትቶልኝ ነበር» አላት። «እሱማ ሃያ ዓመት ሙሉ ትቶልኝ ነበር።»

ንግሥቲ ገባ ብላ የቦልቴን ዲንኬ አመጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ነቀዝ አልነካውም፤ ቦልቴ በየሳምንቱ ቅቤ ይቀባው ነበር። ዘሩባቤል አንሥቶ አንድ ጊዜ ነፋው። ከዚያ ምን ያህል ዝም ማለት እንዳለበት ስላላወቀ መልሶ አስቀመጠው።