በጣና አሸዋ የተሞላው ማቆሚያ

በሰው ፊት መናገር ስለማልችል አብሬያቸው በኖርሁት በአጎቴ ለቅሶ ላይ ዝም አልሁ። አሁን ግን ይህችን ልጻፍላቸው።

ልጃቸው ከጦር ግንባር ድምፁን በካሴት ቀድቶ ልኮላቸው ነበር። አጎቴ በፋብሪካ ብረት ሥራ ክፍል ይሠሩ ስለነበር፣ ለቴፓችን ስፒከሮች ከብረት ቱቦ ማቆሚያ በይደው አመጡ። ካሴቱን ሲከፍቱት ግን ድምፁ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሰው አስተጋባ።

"ልጄ እንዲህ አያጓራም" አሉና ቱቦውን በጣታቸው አንኳኩ። "ስሚ፣ ባዶ ነው። ባዶ ነገር የሰው ድምፅ ያበላሻል። ከሐይቁ ዳር አሸዋ አምጪልኝ።"

በባልዲ ተሸክሜ መጣሁ፤ እርጥብ ነበር።

"አንቺ፣ ዓሣውንስ የት ተውሽው?" ብለው ሳቁብኝ። አሸዋውን በሰሌን ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትተው፣ በወንፊት ነፍተው ቱቦው ውስጥ ሞሉት። ካሴቱን እንደገና ስንከፍተው የልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። "አባባ፣ ደህና ነኝ" ከማለቱ በፊት የሳበው ትንፋሽ እንኳ ተሰማ። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጁ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ከሥራ በገቡ ቁጥር፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ማቆሚያውን አንኳኩተው "ሙሉ ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም "ሙሉ ነው፣ ጋሼ" እላቸዋለሁ።

ትናንት ለቀስተኛው ሁሉ ሲሄድ እኔም አንኳኳሁት። ሙሉ ነው። የገዛ እርምጃዬ ግን ቤቱ ውስጥ ያስተጋባል። ቤት በምን እንደሚሞላ አልነገሩኝም፤ እኔም አፍሬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።