በአናቱ የተተከለው ምሰሶ

እኔ የማንም ተማሪ አይደለሁም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ እንግሊዝኛን አውቶቡስ ላይ ተጥለው ከሚቀሩ ጋዜጦች ለቅሜ፣ የቤት ፕላን ማንበብን ደግሞ እዚህ እንግሊዝ አገር ሃርልስደን ውስጥ አናጢ ሆኜ ስሠራ፣ ኢንጂነሮቹ ወረቀታቸውን ሲዘረጉ ከኋላቸው ቆሜ እያየሁ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስህተታቸውን አስቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ፤ ምስጋናውን የሚወስዱት ግን እነሱ ነበሩ። ዛሬ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ዲግሪ የደረደረ ሰው ስለ ቤት ሲያወራ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል።

ዌምብሊ ከምኖርበት ፍላት፣ ከዚህ የፎቅ ቤት፣ ፊት ለፊት ሌላ ፍላት እየተሠራ ነው። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ሽታ ይገባና፣ ግንበኞቹ ሳጥን በሳጥን ላይ ሲደረድሩ እያየሁ፣ እኔ ጉራጌ አገር፣ አባቴ ለቤታችን ምሰሶ ጥድ ወዳስቆረጠበት በጋ እሄዳለሁ።

ባለፈው እሑድ አርክቴክቸር የምትማረው የልጅ ልጄ ሊዲያ መጽሐፍ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይህን ይስሙ! ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሊ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ቤት የሚለካው በባለቤቱ ክንድ፣ በእግሩ፣ በጣቱ ነው። ከልኩ ላይ ደግሞ ትንሽ ይጨምሩበታል፣ ቤቱ ሕይወት እንዲኖረው። ቤቱ ራስ አለው፣ ወገብ አለው፣ እግር አለው። በተራራው በኩል ያለው ጎን የክብር ነው፣ በባሕሩ በኩል ያለው ዝቅ ያለ። ምሰሶውም ዛፉ እንደበቀለው ነው የሚቆመው፣ ሥሩ ወደ ታች። ሌክቸረራችን ይህን ኤክስፕሌን ሲያደርግ ክላሱ በሙሉ ጸጥ አለ።»

«ጸጥ ያለው አያትሽን ስላልጠራ ነው።»

«አባባ ደግሞ ጀመሩ!»

ባሊዎቹን አልንቅም፤ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የምንቀው፣ ቤት ለሰው ልክ መሆን እንዳለበት ለመረዳት ባሕር መሻገር ያስፈለገውን አስተማሪ ነው። እኔ ይህን በዘጠኝ ዓመቴ አውቀው ነበር።

ከዚያ በጋ በፊት አሮጌው ቤታችን ውስጥ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ገና ጡት ሳይጥሉ ሞተው፣ በበጋው እናቴ ሦስተኛውን አርግዛ ነበር። «ይህንንስ እዚህ አልወልደውም» አለችው አባቴን። ሁለተኛ አልደገመችውም፤ አባቴም ክረምት ሳይገባ አዲስ ቤት ሊያቆምላት ቃል ገባ። ጥዱ ተጥሎ፣ ልጡ ተልጦ፣ ፀሐይ ላይ ተኝቶ ከረመ። እኔም በየቀኑ ላዩ ላይ እየተራመድኩ ጉጦቹን፣ ቅርንጫፍ የተቆረጠባቸውን ቦታዎች፣ አንድ በአንድ አወቅኳቸው።

በልግ ሲገባ ልኬቱ ተጀመረ። አባቴ ቦታው ላይ ቆሞ እጆቹን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ፣ ገመድ ከጣቱ ጫፍ እስከ ጣቱ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተወጥሮበት፣ ያ ገመድ ከምሰሶው ጉድጓድ ተነሥቶ ሲዞር የቤታችንን ክብ ሠራ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከክቡ ውጭ አራት ጣት ጨምረው፣ «ይህ ገና ላልመጣው ነው» አሉ። የበሩ ከፍታ እስከ አባቴ ቅንድብ ነበር፤ ማንም ሹም ሆነ ሀብታም ጎንበስ ሳይል አይገባም። የቤቱ ፊት ሁሉም ደጆች ወደሚያዩት ወደ ሰፊው የሣር መንገድ ወደ ጀፎሮ፣ ጀርባው ወደ እንሰቱ፣ ከብቱ በግራ፣ ሰው በቀኝ። ወረቀት የያዘ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ደመናው ተራራው ላይ መቀመጥ ሲጀምር ምሰሶውን ሊያቆም ጋሽ ሙርጋ መጣ። የአገሩ ስመ ጥር አናጢ ነበር፤ የሚኮራውም የምሰሶን ሁለት ጫፍ በመጥረቢያ ጠርቦ እኩል በማድረግ ነበር። ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ አሳምሮ፣ በመጨረሻ የቱ ሥር የቱ ጫፍ እንደሆነ ለራሱም ጠፋው። ሰዎቹ ግን እየጨፈሩ አነሡት፣ ተከሉት፣ አፈሩን ረገጡት፣ ከዚያም ለመብላት ተቀመጡ። ቅርንጫፍ ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የሚበቅለው፤ እኔ ቀና ብዬ ሳይ ግን የማውቃቸው ጉጦች ወደ መሬት አቀርቅረዋል።

«አባዬ፣ ምሰሶው በአናቱ ነው የተተከለው።»

ጋሽ ሙርጋ ጉርሻው ትን እስኪለው ሳቀ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አናጢ የሆንከው? ሂድ፣ አፍንጫህን ጥረግ!»

«ተወው ጋሼ፣ በአናቱ የቆመው እሱ ነው!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

አባቴ አልሳቀም። የተተከለ ምሰሶ መንቀል፣ አናጢን በሰው ፊት መስደብ ነበር፤ ዝናቡም ከጥቂት ቀናት በላይ አይጠብቅም። እናቴ ግን ሆዷን ይዛ አሮጌው በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ሥሩ ወደ ሰማይ የዞረ ምሰሶ ያለበት ቤት ልጅ አያሳድግም ይባል ነበርና፣ «ልጁ ያለው እውነት ከሆነ እግሬ አይገባበትም» አለች።

«ነቅላችሁ መሃሉን በገመድ አንጠልጥሉት» አልኩ። «ሥሩ ይከብዳል።» ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እንጨት ስሸከም ትከሻዬ የነገረኝ ነው።

«ይነቀል» አለ አባቴ።

እያጉረመረሙ ነቀሉት፤ መሃሉን ለክተው ደጃችን ካለው ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠሉት። ሰማይ ሲያይ የነበረው ጫፍ ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ነካ። የሚስቅ ጠፋ። ጋሽ ሙርጋ መጥረቢያውን እያየ፣ «ጥዱ ነው ያሳሳተኝ» አለ። በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ማመካኛዎች ሁሉ እንደዚህ የናቅኩት የለም።

ምሰሶው ተገልብጦ በሥሩ ተተከለ፤ ክዳኑ ያለቀው የመጀመሪያው ዝናብ እየወረደብን ነው። ክረምቱን እናቴ በአዲሱ ቤት ውስጥ ከርማ፣ ለመስቀል እህቴን ወለደች፤ ስሟም መሠረት ተባለ። መሠረት ዛሬ ኤድመንተን ትኖራለች። ስልክ ደውዬ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር «አንተና ምሰሶህ! እኔን የወለደችኝ እናቴ ናት እንጂ ጥድ አይደለም» ትለኛለች። ምስጋና ከእህት አይጠበቅም።

አሁን የምኖርበትን ፍላት ኢንስፔክት ሊያደርግ የመጣውን ወጣት፣ «ይህን ኩሽና የለካችሁት በማን ክንድ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስታንዳርድ ነው» አለኝ። ስታንዳርድ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ባውቀው ኖሮ ባለቤቴ ሰሃን ለማውረድ ዓመታት ሙሉ በርጩማ ላይ እንድትወጣ ያደረጋት እሱ መሆኑን እነግረው ነበር። ያኔ ቤት ሰውየውን ጠይቆ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሰውየው ቤቱን እያየ ያጥራል ወይም ይረዝማል።

እኔ ግን የማደርገውን አድርጌአለሁ። የኩሽናውን ቁም ሳጥን ፈትቼ በባለቤቴ ትከሻ ልክ ዝቅ አድርጌ ሰቅያለሁ። ከተማ ሙሉ ያላስተዋላቸውን ጠማማ በሮች አቅንቻለሁ። ለሊዲያ የእንጨትን ሥር ከጫፉ መለየት አስተምሬ፣ አስተማሪዋን በጥያቄ እንድታስጨንቀው አድርጌአለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ስሙ የገነነ ሰው ያቆመውን አስነቅያለሁ። እናቴንም፣ ልትወልድ ሦስት ወር ሲቀራት፣ ሳትፈራ በገዛ እግሯ ወደ ቤቷ አስገብቻለሁ።